የረጅም ርቀት ሯጭ የብረት እጥረት፦ ከደም ምርመራ እስከ ሕክምናው ማብቂያ

የረጅም ርቀት ሯጭ ጉልበቱ ያለ ምክንያት ሲከዳው፣ ባለፈው ወር ሳይጨነቅ ይይዘው የነበረው ፍጥነት ሲከብደውና ዳገት ላይ ትንፋሹ ከወትሮው ቀድሞ ሲያጥረው፣ አሠልጣኝም ሆነ የቡድን ጓደኛ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የልምምድ ጉድለትን ወይም የእንቅልፍ ማነስን ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ድካም ጀርባ ግን፣ በተለይ በሴት ሯጮች ዘንድ፣ በተደጋጋሚ የሚገኘው የብረት ማዕድን እጥረት ነው። ብረት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ዋና አካል ከመሆኑም በላይ፣ ጡንቻ በኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል ለሚያመነጭበት ሂደት የግድ ስለሚያስፈልግ፣ የደም ማነስ ገና ሳይከሰት እንኳ እጥረቱ የሯጩን አቅም ሊቀንስ ይችላል።

ይህ መመሪያ እጥረቱ እንዴት እንደሚረጋገጥ፣ መንስኤው የት እንደሚፈለግ፣ ክኒኑ መቼና እንዴት እንደሚወሰድ፣ ውጤቱም በምን እንደሚለካ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ቅደም ተከተሉን አጥብቄ የምይዘው ከፋርማሲ አይረን ገዝቶ መዋጥ ቀላል በመሆኑ ብዙ ሯጭ ከመካከል ስለሚጀምር ነው፤ የክምችቱ መጠን ሳይታወቅና ደሙ የሚባክንበት ምክንያት ሳይገኝ ወራት ያልፋሉ፣ የውድድር ዘመንም አብሮ ያልፋል። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው የሚያክምዎ ሐኪም ነው፤ እዚህ የተጻፉት ቁጥሮች ከሐኪሙ ጋር በእኩል ግንዛቤ ለመነጋገር እንዲረዱ የቀረቡ ናቸው።

አንደኛ እርምጃ፦ ትክክለኛውን ምርመራ በትክክለኛው ጠዋት ማድረግ

ድካም ለሚሰማው ሰው በአብዛኛው የሚታዘዘው ሲቢሲ የተባለው ጠቅላላ የደም ምርመራ ነው። ሲቢሲ የሄሞግሎቢንን መጠን ያሳያል እንጂ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ የተቀመጠውን የብረት ክምችት አያሳይም፤ ክምችቱ ደግሞ ሄሞግሎቢን መውረድ ከመጀመሩ ከብዙ ጊዜ በፊት ሊሟጠጥ ይችላል። ስለዚህ ከሲቢሲው ጋር ፌሪቲን እንዲታዘዝልዎ በግልጽ ይጠይቁ፤ አቅም ከፈቀደ የትራንስፈሪን ሙሌት (በደም ውስጥ ብረት የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ምን ያህሉ ብረት እንደያዘ የሚያሳየው) እና ሲአርፒ (የብግነት መለኪያው) ይጨመሩበት።

ፌሪቲን የክምችቱ መለኪያ ቢሆንም በኢንፌክሽን፣ በጉዳትና በከባድ ልምምድ ማግሥት ከእውነተኛው መጠን በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ሲአርፒ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ እርሱ ከፍ ካለ ሰውነቱ ብግነት ላይ ስለሆነ፣ ደህና የሚመስል የፌሪቲን ቁጥር ሊያታልል ይችላል። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ከባድ ልምምድ አይሥሩ። ትኩሳት፣ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ይዞዎት ከነበረ ሁለት ሳምንት ያህል ይታገሡ። በቂ ውኃ ጠጥተው፣ ከሩጫ በፊት፣ ጠዋት ላይ ደም ይስጡ፤ አይረን እየወሰዱ ከሆነ የዚያን ዕለቱን ክኒን ከምርመራው በኋላ ያድርጉት። የሚቀጥሉትንም ምርመራዎች በተቻለ መጠን በዚያው ላቦራቶሪ ያሠሩ፤ ላቦራቶሪ በተቀያየረ ቁጥር የመለኪያው ልዩነት የሕክምናው ውጤት መስሎ ሊያሳስት ይችላል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የውጤት ወረቀቱን እንደ ሯጭ ማንበብ

አንዲት የ10 ሺህ ሜትር ሯጭ ይዛው የመጣችውን ወረቀት በምሳሌነት እንውሰድ። ሄሞግሎቢኗ 13.1 ግራም በዴሲ ሊትር፣ ፌሪቲኗ 14 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው እንበል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ለሴቶች የፌሪቲንን ዝቅተኛ ወሰን 10 አካባቢ ስለሚያደርጉት፣ ወረቀቱ ላይ ከወሰን ውጪ ተብሎ ምልክት የተደረገበት ቁጥር ላይኖር ይችላል፤ «ሁሉም ኖርማል ነው» ተብላም ልትሸኝ ትችላለች። ይህች ሯጭ ግን ክምችቷን ጨርሳለች ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም ጤናማ ዐዋቂ የብረት እጥረት የሚለው ከ15 በታች ያለውን ነው፤ በስፖርት ሕክምና ዘንድ ደግሞ ፌሪቲን ከ35 በታች ሲሆን ክምችቱ እንደሳሳ ይቆጠራል፣ ከ20 በታች ሆኖ የትራንስፈሪን ሙሌት ከ16 በመቶ በታች ሲወርድ አዲስ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረት እያነሰ ነው፣ ፌሪቲን ከ12 በታች ሆኖ ሄሞግሎቢንም ሲወርድ ደግሞ እጥረቱ የደም ማነስ ደረጃ ላይ ደርሷል። ብዙ የስፖርት ሐኪሞች ወደ ከፍታ ቦታ ለልምምድ የሚሄድ ሯጭ ፌሪቲኑ ከ40 ወይም ከ50 በላይ እንዲሆን ይመርጣሉ።

ሄሞግሎቢንን በተመለከተ በባሕር ጠለል ላይ የደም ማነስ የሚባለው ለሴት ከ12 በታች፣ ለወንድ ከ13 በታች የሆነው ነው። ከፍታ ሲጨምር ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ስለሚጨምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች ወሰኑ ከፍ እንዲል ይመክራል። ለእኛ ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ አማካዩን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆኖ አግኝቶታል፤ ይህም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ለደጋ ተወላጅ ሯጭ የሌላ አገር የከፍታ ማስተካከያን እንዳለ ከመጫን ይልቅ፣ ደህና በነበረበትና ጥሩ በሮጠበት ወቅት የተመዘገበውን የራሱን ሄሞግሎቢን ማመሳከሪያ ማድረግ ይሻላል። የቆየ ውጤት ሁሉ በአንድ ደብተር ተጽፎ መቀመጥ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ብረቱ የሚባክንበትን ማግኘት

አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይይዛል። ሰውነት ከምግብ በቀን የሚወስደው ብረት ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ፣ በወር አበባ ጊዜ 80 ሚሊ ሊትር ደም የሚፈሳት ሴት የአንድ ወር ገቢዋን አብዛኛውን በጥቂት ቀናት ታጣለች። ስለዚህ ሴት ሯጭ ከሐኪሟ ጋር መጀመሪያ ልታነሣው የሚገባው ይህ ነው፤ በየአንድ ሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ሞዴስ መቀየር ግድ ከሆነ፣ የረጋ ደም ከበዛ ወይም ፍሰቱ ከሰባት ቀን ካለፈ፣ ፍሰቱ ራሱ ሕክምና አለው። በወንድ አሠልጣኝና በወጣት ሴት ሯጭ መካከል ይህ ወሬ ስለሚያሳፍር ዝም እየተባለ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ጥያቄውን የሚያነሣ ሴት ሐኪም ወይም ነርስ ለቡድኑ ማመቻቸት የአሠልጣኙ ኃላፊነት ነው።

ሁለተኛው መፈለጊያ ጨጓራና አንጀት ነው። ለጉልበትና ለጅማት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አዘውትሮ የሚውጥ ሯጭ የጨጓራው ግድግዳ በጥቂት በጥቂቱ ሊደማ ይችላል፤ በረጅም ሩጫ ወቅት ወደ አንጀት የሚሄደው ደም ስለሚቀንስም መድማቱ ሊባባስ ይችላል። ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያውክ ምርመራው ቀላል ሆኖ ሳለ መዘለል የለበትም። የሰገራ ምርመራ ደግሞ የግድ ነው፤ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በየቀኑ ደም ይመጥጣል፣ ቢልሃርዚያ ካለበት ሐይቅና ወንዝ አካባቢ ያደገ ሯጭም ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት። ትሉ ሳይወጣ አይረን መዋጥ የሚገባውን ያህል አይጠቅምም።

በሩጫ ጊዜ እግር ከመሬት ጋር ሲጋጭ የቀይ ደም ሕዋሳት መፈንዳታቸውና በላብ ብረት መውጣቱ ብዙ ይወራላቸዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ነገር ግን መጠናቸው አነስተኛ ስለሆነ ጉልህ እጥረት የተገኘበትን ሯጭ «አስፋልት አብዝተህ ነው» ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው በቂ ምግብ አለመብላት ነው። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ከሚያቃጥሉት ኃይል በታች የሚበሉ ሯጮች ብረትም አብሮ ይጎድላቸዋል፤ የወር አበባ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ መቅረት የዚህ ግልጽ ምልክት ስለሆነ በክኒን ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

አራተኛ እርምጃ፦ ክኒኑን መምረጥና ሰዓቱን ማስተካከል

በእሽጉ ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የብረቱ መጠን አይደለም። 325 ሚሊ ግራም የሚል የፌረስ ሰልፌት ክኒን የያዘው ንጹሕ ብረት 65 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ የ200 ሚሊ ግራም ፌረስ ፉማሬትም ወደዚያው ይቀርባል፣ የ300 ሚሊ ግራም ፌረስ ግሉኮኔት ግን 35 ብቻ ይሰጣል። ለነፍሰ ጡሮች በጤና ጣቢያ የሚታደለው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረት ከፎሊክ አሲድ ጋር የያዘ ነው። ለዐዋቂ ሯጭ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚያዝዙት በአንድ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት ነው።

ሰዓቱ የሚወሰነው ጉበት በሚያመነጨው ሄፕሲዲን በተባለ ሆርሞን ነው። ሄፕሲዲን ከፍ ሲል አንጀት ብረት የሚያስገባበትን በር ይዘጋል። ይህ ሆርሞን ጠዋት ዝቅ ይላል፣ እየዋለ ይጨምራል፤ ከከባድ ልምምድ በኋላ ደግሞ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርሳል። አንድ ከፍተኛ መጠን ያለው የብረት ክኒንም ራሱ ሆርሞኑን እስከ ማግሥቱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ ማታ ከሁለተኛው ልምምድ በኋላ የሚዋጥ ክኒን አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መዋጥም ሆድ ከማወክ ያለፈ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ክምችቱ ያነሰ ነገር ግን ከባድ የደም ማነስ የሌለበት ሯጭ በቀን አንድ ጊዜ ወይም ቀን እየዘለለ መውሰድ ይችላል። ቀን እየዘለሉ መውሰድ ከእያንዳንዱ ክኒን የሚገባውን ድርሻ ይጨምራል፣ ሆድንም ያሳርፋል። ብዙ ቡድኖች ከባዱን ልምምድ በየሁለት ቀኑ ስለሚያደርጉት፣ ክኒኑን በቀላል ሩጫ ቀኖች ላይ ማዋል በጣም ይመቻል፤ በከባዱ ልምምድ ቀን ቶሎ መብላት ስለሚያስፈልግ በባዶ ሆድ ክኒን መጠበቅ ማገገምን ይጎዳል። የቀላሉ ቀን ጠዋት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ሯጯ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥታ 1 ሰዓት ላይ ትመለሳለች፤ ላቧ ሳይደርቅ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ አንድ ሎሚ በተጨመቀበት አንድ ብርጭቆ ውኃ ክኒኗን ትውጣለች፤ ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ፣ 2 ሰዓት ላይ ቁርሷን ትበላለች፤ ቡና ወይም ሻይ ካሰኛት 4 ሰዓት ላይ ትጠጣለች። ሄሞግሎቢኑ የወረደ ሯጭ ግን ሐኪሙ ሌላ ካላለ በየቀኑ መውሰዱን መተው የለበትም። ከቆላ አገር፣ ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ በቆጂ ለልምምድ የሚመጣ ሰውም በከፍታ ላይ በሚቆይበት ጊዜ አዲስ ደም ስለሚሠራ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ከጉዞው አንድ ወር ተኩል በፊት ተመርምሮ፣ ፌሪቲኑ ዝቅ ካለ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድሞ መጀመር ይኖርበታል።

ወተት፣ ካልሲየም ክኒንና እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ አሲድ መቀነሻዎች ብረትን ያግዳሉ። ብረቱ በበኩሉ ሲፕሮፍሎክሳሲንን፣ ዶክሲሳይክሊንንና የታይሮይድ ክኒንን ስለሚያግድ በብዙ ሰዓት ተራርቀው መወሰድ አለባቸው። ማቅለሽለሽ ወይም ድርቀት ከበረታ ክኒኑን ከመተው በፊት ከጥቂት ምግብ ጋር መውሰድ፣ መጠኑን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር ይሞከር። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና የሚገማ ከሆነ ግን የደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ክኒኑን ሕፃናት ከማይደርሱበት ያስቀምጡት፤ ከረሜላ መስሎት ብዙ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ገበታውን ማስተካከል

የተሟጠጠ ክምችትን ምግብ ብቻውን በወቅቱ አይመልሰውም፣ የተመለሰውን ግን የሚጠብቀው ምግብ ነው። ጤፍ ብረት አለው መባሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከሚለካው ብረት ከፍተኛው ድርሻ በአውድማ ላይ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በጤፉ ውስጥ ያለውን ብረት ደግሞ ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይይዘዋል። እርሾው ይህን ስለሚሰብር፣ ሊጡ በደንብ ሁለት ሦስት ቀን የቦካ እንጀራ በአንድ ቀን ከተጋገረው ወይም ከቂጣ ይሻላል።

ሥጋና ጉበት የያዙት ብረት በቀላሉ ይገባል፤ ትንሽ ሥጋ አብሮ መኖሩም ከምስሩና ከጎመኑ የሚገባውን ብረት ያሳድጋል። ጥሬ ሥጋ ከበሰለው የበለጠ ብረት አይሰጥም፣ ኮሶ ግን ሊያስይዝ ይችላል። ቀይ ሥር ቀለሙ ደም ቢመስልም የብረቱ መጠን አነስተኛ ስለሆነ ደም ይሞላል ተብሎ ሊታመንበት አይገባም።

በጾም ወራት ጉዳዩ ይከብዳል፤ በተለይ በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ገበታው በሙሉ የእህልና የቅጠል ብረት ይሆናል፣ እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በላይ መቆየቱም ጠቅላላ ምግቡን ያሳንሳል። ሽሮው፣ ምስሩና ክኩ ብረት አላቸው፤ ይህ ብረት በደንብ እንዲገባ በዚያው ማዕድ ላይ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። ቫይታሚኑ በእሳት ስለሚጠፋ ከወጡ ጋር ከመቀቀል ይልቅ ጥሬ ቃሪያ፣ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ፣ ብርቱካን ወይም ዘይቱን በጎን ይቅረብ። ክኒን የሚወስድ ጿሚ ሰዓቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከርበት፤ በረመዳን የሚጾም ሯጭ ደግሞ ክኒኑን ለስሁር ሲነሣ ከምግቡ አስቀድሞ ቢውጠው ከማታው ይሻለዋል።

ቡናና ሻይን በተመለከተ ብዙዎች የማያውቁት ዝርዝር አለ። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና የምግቡን ብረት አያግድም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ያግዳል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ወዲያው የሚፈላውን ቡና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ማዘግየት ወይም ከምሳው ማስቀደም ነው። ሻይ ከቡናም ይብሳል፤ ቁርስን ከሻይ ጋር የመብላትን ልማድ መተው ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ልምምዱን መመጠን

ክምችቱ ብቻ ያነሰ ሯጭ ልምምዱን መቀጠል ይችላል፤ ሄሞግሎቢኑ የወረደ ሯጭ ግን ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት የፍጥነትና የዳገት ሥራውን ቀንሶ በቀላል ሩጫ መቆየት አለበት። የቀደመውን ሰዓት ለመያዝ መታገል በዚህ ጊዜ ድካሙን ከማክረር ሌላ ትርፍ የለውም። ደም መለገስም እስኪያገግም ይቆይ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ውጤቱን መለካትና ካልሠራ ቀጣዩን መወሰን

ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲቢሲ ይደገም፤ ወርዶ የነበረ ሄሞግሎቢን በዚህ ጊዜ በአንድ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ካላደገ፣ መጠኑን ከመጨመር በፊት ክኒኑ በእርግጥ እየተዋጠ መሆኑ፣ ሰዓቱና የደም መፍሰሱ እንደገና ይታዩ። ፌሪቲን ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ይለካ። ሄሞግሎቢን እንደተስተካከለ ክኒን ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ክምችቱ እስኪሞላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል መቀጠል ያስፈልጋል።

በደም ሥር የሚሰጠው ብረት ቦታ አለው፦ ክኒን በትክክል ተወስዶ ካልሠራ፣ ሆድ ፈጽሞ ካልቻለው፣ አንጀት የማያስገባ ሕመም ካለ ወይም የደም ማነሱ ከባድ ከሆነ ነው። ውድድር ስለቀረበ ብቻ የሚደረግ ግን መሆን የለበትም። አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ሐኪም ባለበትና ለድንገተኛ አደጋ ዝግጁ በሆነ ተቋም ብቻ ይሰጥ። ብረት ራሱ የተከለከለ አይደለም፤ የተከለከለው መንገዱ ነው። በዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት ሕግ መሠረት በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በደም ሥር መውሰድ፣ በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በምርመራ ሂደት ካልሆነ በስተቀር፣ በውድድር ወቅትም ሆነ ከውድድር ውጪ ክልክል ነው። ብረት በጨው ውኃ (ሳላይን) ከረጢት ተበጥብጦ በሚንጠባጠብበት ጊዜ ይህ መጠን በቀላሉ ይታለፋል፤ ስለዚህ ከሕክምናው በፊት የኢትዮጵያ ፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣንን ይጠይቁ፣ የሐኪሙን ማስረጃ፣ የመድኃኒቱን ስምና የፈሳሹን መጠን በጽሑፍ ይያዙ። «ደም ይሞላል» ተብሎ ስሙ ሳይነገር የሚቀርብልዎትን መርፌ አይቀበሉ፤ ኤሪትሮፖይቲን (ኢፒኦ) የተባለው፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛው የተከለከለ ሆርሞን ሊሆን ይችላል፣ እርሱም ጤናንም የሩጫ ሕይወትንም ያጠፋል።

ብረት ሲበዛም ይጎዳል፤ ሰውነት ትርፉን የሚያስወግድበት መንገድ ስለሌለው በጉበትና በልብ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያለ ልክ ብረት በመርፌ ይወስዱ የነበሩ የአውሮፓ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ፌሪቲናቸው ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተገኝቶ ነበር። ፌሪቲን 100 ከደረሰ በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን መቀጠል አያስፈልግም። ሕክምናው ካበቃ በኋላ የመጀመሪያው ፌሪቲን በሦስት ወር ውስጥ ይለካ፤ ከዚያ ወዲያ ሴት ሯጮች በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ወንዶች አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ አንደኛው ምርመራ ዐቢይ ጾም ሲፈታ፣ ሌላው ዋናው የልምምድ ወቅት ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት በፊት እንዲውል ቀኑ ከወዲሁ ይያዝ።